ከጨንቻ የወረደ፣ ከጫሞ የወጣ

አርባ ምንጭ ገበያ የወጣ ሰው በአንድ ዘንቢል ሁለት አየር ይዞ ይመለሳል። ከጨንቻ ደጋ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የወረዱ ሴቶች ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ገብስ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤና ቆጮ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ከላንቴና ከጫኖ ቆላ የመጡት ደግሞ ሙዙን፣ ማንጎውንና ፓፓያውን ይከምራሉ። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አትሞላም። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ግን 40 ኪሎ ሜትር አይደርስም። ቤቷ ጋቢ ደርባ የተነሣች ሴት እኛ ዘንድ ስትደርስ ላቧን እየጠረገች ነው የምትሸጠው።

እናቴ የጨንቻ ልጅ ነበረች። አባቴ ከመንዝ የመጣ መምህር ነው። ቤታችን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ የሚባለው ሰፈር ነበር፤ የአባያና የጫሞ ሐይቆች፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተረተር ቁልጭ ብለው ከሚታዩበት ወገን። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ በቆርቆሮ የተሠራ፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ፣ ሦስት ጉልቻና አንድ የከሰል ምድጃ ያለው ጠባብ ክፍል ነው። በሩ ላይ ሽፈራው ተተክሏል፤ የአካባቢው ሰው ሀለኮ የሚለው ዛፍ። ስለ ምግብ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተንበርክኬ ቅጠል ስሸመጥጥ።

«ዛሬ ምን ልሥራ?» የማይባልበት ቤት የለም። ቤተሰብ የምትመግብ ሴት ይህን ጥያቄ በየማለዳው ታነሣዋለች፣ መልሱም ብዙ ጊዜ የትናንቱ ይሆናል። ሽሮ ሠርተሽ ምስር፣ ምስር ሠርተሽ ሽሮ። እናቴ ከዚህ የምትወጣበት መንገድ ነበራት። ገበያ የምትሄደው ምን እንደምትገዛ ሳትወስን ነው። መጀመሪያ ምንም ሳትገዛ አንዴ ትዞረዋለች። ጎመኑን ትዳስሳለች፣ ቅቤውን ታሸታለች፣ የቆጮውን ጥቅል ፈልቀቅ አድርጋ ቀለሙን ታያለች። የማታውቀው ነገር ካጋጠማት ቁጢጥ ትልና ሻጯን በጋሞኛ ትጠይቃለች፤ «እናንተ ቤት ይህን እንዴት ነው የምትሠሩት?»

ይህች ጥያቄ ምን ያህል በር እንደከፈተች ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ይገርመኛል። ዋጋ ተጠይቃ የምትሰለች ሻጭ እንዴት እንደምታበስል ስትጠየቅ ፊቷ ይለወጣል። እጇን ታንቀሳቅሳለች፣ ድስቱን በአየር ላይ ትሥላለች፣ አጠገቧ ያለችው «ኧረ እሱማ እንደዚያ አይደለም» ብላ ትገባበታለች። እናቴ ሁለቱንም ሰምታ ትመጣና ቤት ስትደርስ ሦስተኛውን ትሠራለች።

ኩርኩፋ ወደ ቤታችን የገባው እንዲህ ነው። የበቆሎ ዱቄት በውሃ ይታሸና በጣት እየተድቦለቦለ ትንንሽ እንክብል ይሆናል፤ ከሀለኮ ቅጠል ጋር በአንድ ድስት ይበስላል። ከእኛ ወደ ደቡብ፣ በደራሼና በኮንሶ በኩል የየዕለት ምግብ ነው። እንክብሉ ውስጡ ሳይበስል ቅጠሉ እንዳይሟሟ ሁለቱ የሚገቡበትን ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። እናቴ የደጋ ልጅ ናትና የጨመረችበት የራሷን ነው፤ ከጨንቻ የወረደ ነጭ ሽንኩርትና የተነጠረ ቅቤ። አባቴ መጀመሪያ ሲቀርብለት ሣህኑን ትክ ብሎ አየው። ከመንዝ ሰው ፊት እንጀራ የሌለበት ራት ማቅረብ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በላው። ከዚያ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር «ያን ድብልብሉን ሥሪ እንጂ» የሚለው እሱ ሆነ።

ስለ ሀለኮ ትንሽ ልቆይ፤ ውለታው አለብኝ። ማታ ማታ ቅርንጫፉ ይቆረጥና ልጆች ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጠን ቅጠሉን ከዘንጉ እንሸመጥጣለን። ዘንጉ ከገባበት ምላስ ላይ እንደ ጭራሮ ይቆማል፤ ስለዚህ ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ወሬ የሚወራውም ያኔ ነው። ቅጠሉ ታጥቦ ብዙ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል፤ ምሬት ቢጤ አለው፣ ያንን ምሬት የለመደ ሰው ግን ጎመን ጣዕም የለሽ ይሆንበታል። እኛ ዘንድ የሚበቅለው ዝርያ መነሻው ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ነው። በጋው ጠንክሮ ሌላው አረንጓዴ ሁሉ ሲጠወልግ እሱ ቅጠል ይሰጣል። ዛሬ ደርቆና ተፈጭቶ በሻይ መልክ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ ይሸጣል፤ ጥሩ ነው። ለእኛ ግን የጓሮ ምግብ እንጂ መድኃኒት አልነበረም። በዐቢይ ጾም እናቴ ቅጠሉን ቀቅላና ጨምቃ ከሽሮው ጋር ታንተከትከው ነበር። የመንዝ ሽሮና የጋሞ ሀለኮ በአንድ ሸክላ ድስት ውስጥ መስማማታቸውን ያገኘችው ራሷ ናት፤ እኔ እስከማውቀው በሰፈሩ ከእሷ በፊት ያደረገው አልነበረም። ከእሷ በኋላ ግን ከየማድ ቤቱ የሚወጣው ሽታ ያው ሆነ።

ዓሣ ሌላ ታሪክ ነው። የደጋ ሰው ዓሣ አያውቅም። እናቴ አግብታ አርባ ምንጭ እስክትገባ ድረስ አፏ አስገብታው አታውቅም ነበር። ያስተማረቻት ባሏ ጫሞ ላይ መረብ የሚጥል አንዲት ጎረቤታችን ናት፤ ቆሮሶን ከጭራው ወደ ራሱ በቢላ እየፋቁ ቅርፊቱን ማውረድ፣ ሐሞቱን ሳያፈርጡ ሆዱን መክፈት፣ ሁለቱን ጎን በቢላ መተልተል፣ ዘይቱ በደንብ ሳይግል አለማስገባት። የናይል ፐርች ሥጋው ወፍራምና ነጭ ስለሆነ ለጉላሽ ይከተፋል። አምባዛን ብዙዎች መልኩን አይተው ይሸሹታል፤ እናቴ ግን ለሾርባ ከእሱ የሚበልጥ የለም ትል ነበር፣ እኔም እስማማለሁ።

ትምህርቱን ከጨረሰች በኋላ የራሷን ማሰብ ጀመረች። የተተለተለው የቆሮሶ ጎን ውስጥ ዳጣ ትቀባለች። ዳጣ የጋሞና የወላይታ ገበታ ያለ እሱ የማይሞላ ነገር ነው፤ ቃሪያ ወይም ቀይ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና ጤና አዳም በድንጋይ ላይ እርጥቡን ይፈጫል። በደጋው በዶርዜ ለእንግዳ የሚቀርበው የቆጮ ቂጣ ከዳጣና ከማር ጋር ነው። እናቴ ይህንን የደጋ ቅመም ከሐይቁ ዓሣ ጋር አጋባችው፤ ከላይ ሎሚ ጨመቀችበት። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ለሕክምና ከደጋ ወርዳ እኛ ቤት ባረፈችበት ሰሞን ሽታውን ሰምታ ፊቷን አዞረች። «የውሃ አውሬ አልበላም» አለች። እናቴ አልተከራከረችም። ሌላ ቀን ዓሣውን እንደ ዱለት አድቅቃ ከተፈችው፣ በአያቴ በራሷ ቅቤ ለብለብ አድርጋ ከሞቀ ቆጮ ጋር አቀረበችው። «ዓሣ ነው እማዬ፣ አልዋሽሽም፤ አንድ ጉርሻ ብቻ» አለቻት። አያቴ ረጅም ጊዜ አላመጠች። «ቅቤው ጥሩ ነው» አለች፤ ሁለተኛውን ግን በገዛ እጇ ነው የጎረሰችው።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወደ ደጋ፣ ወደ አያቴ እንሄዳለን። ዶርዜ ሲደርሱ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ የቀርከሃ ቤቶቹ በእንሰት መሐል ረዝመው ይታያሉ። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ስለዚህ የእንሰት ጓሮ ያላት ሴት የነገውን ብቻ ሳይሆን የዛሬ አምስት ዓመቱንም ራት ታስባለች ማለት ነው። ሥራው የሴቶች ነው፣ ከባድም ነው። የግንዱ ንብርብር እየተሰነጠቀ ተደግፎ በቆመ ሳንቃ ላይ ይነጠፍና በቀርከሃ ይፋቃል። ልሙ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው እጅ ላይ ይቀራል። ሥሩ ይፈቀፈቅና ይቀላቀልበታል፤ ከዚያ በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፣ ድንጋይ ይጫነዋል፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይብላላል፤ ቆጮ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ነው። ሳይፋቅ ተቆርጦ የሚቀቀለው ሥር ደግሞ አሚቾ ይባላል። ከአንድ ተክል ሦስት ዓይነት ምግብ፣ በዚያ ላይ ገመድ፣ በዚያ ላይ መጠቅለያ። የአያቴ ማጀት ውስጥ የሚጣል ነገር አላስታውስም።

የሴቻዋ ጉራጌ ጎረቤታችን የእኛን ቆጮ ስታይ ከንፈሯን ትመጥ ነበር። ቃጫው ደጋግሞ በቢላ መከተፍ እንዳለበት፣ እንደ እነሱ አገር ስስ ተደርጎ መጋገር እንዳለበት ትናገራለች። እናቴ በበኩሏ የእነሱ ስስነት ጣዕሙን ይወስደዋል ባይ ናት። ሁለቱ ሴቶች በዚህ ጉዳይ ዓመታት ተከራከሩ። ክርክሩ የሚካሄደው ግን በምጣድ ነበር፤ አንዷ ጋግራ በአጥር ትልካለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። ሣህን ባዶውን አይመለስም። እኛ ልጆቹ ከክርክሩ በጣም ተጠቀምን፣ መቼም እንዲያልቅ አንፈልግም ነበር። ለመስቀልም፣ ሸማኔዎቹ የእናቴ ወንድሞች ከአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሲመጡ፣ ቤቱ «ዮ ማስቃላ» በሚል ሰላምታ ሲሞላ፣ ቁርጡ የሚቀርበው በሁለቱም ዓይነት ቆጮ ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ የማይፈቅደው ነገር አለ። የእናቴ ሽሮ ጣዕሙ ከሸክላው ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ያን ሸክላ የሠራችው ሴት ግን ከእኛ ጋር ገበታ አትቀርብም ነበር። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ቀጥቃጮች መሬት የማይሰጣቸው፣ ከሌላው ጋር የማይጋቡ ተደርገው ለዘመናት ተገፍተው ኖረዋል። አያቴ ቤት ድስት ይዛ የምትመጣው ሴት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሂሳቧን ተቀብላ ትሄዳለች። ገንፎአችንን በእሷ ድስት ውስጥ አገንፍተን እንበላለን፣ እሷን ግን ግቢ አንላትም። እናቴ ሴቻ ውስጥ ይህን ልማድ አልቀጠለችውም። ሸክላ ሻጯን ማድ ቤት አስገብታ ታስቀምጣታለች፣ በልታ ነው የምትሄደው። ደጋ ያሉ ዘመዶቻችን ሰምተው ቅር ብሏቸው እንደነበር አውቃለሁ። ድስት እንዴት እንደሚሟሽ፣ የትኛው ለወጥ የትኛው ለቅቤ ማንጠሪያ እንደሚሆን፣ የተሰነጠቀው እስከ መቼ እንደሚያገለግል እናቴ የተማረችው ከዚህች ሴት ነው። ብታባርራት ኖሮ ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። የምግብ ጥበባችን እያልን ስንኮራ ድስቱን የሠሩትን እጆች ከኩራቱ ማስቀረት በደል ነው፤ ዛሬም ጨርሶ ያልጠፋ በደል።

ሰው ስለ እናቶቻችን ሲያወራ «ችግር ብልሃት አስተማራቸው» ማለት ይወዳል። እኔ በዚህ አልስማማም። ችግሩን አይቼዋለሁ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ አገሩን በመታ ጊዜ ጤፍ ከቤታችን ጠፋ፤ ዘይትም እንዲሁ። በእነዚያ ወራት እናቴ አንድም አዲስ ነገር አልሠራችም። የበቆሎ ገንፎና ሀለኮ፣ ደግሞም ሀለኮና የበቆሎ ገንፎ ነበር። ከደጋ የአያቴ እንሰት ባይደርስልን ከዚያም ይብስ ነበር። ማሰብ የምትችልበት ጉልበት አልነበራትም፤ የያዘችውን ማብቃቃት ብቻ ነው የምታስበው። የፈጠራ ቀኖቿ እፎይ ያለችባቸው ቀኖች ናቸው፤ ጥቂት ቅቤ የተረፈባቸው፣ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ የመጣባቸው፣ ድስቱ ቢበላሽ ልጆች ጾማቸውን እንደማያድሩ የምታውቅባቸው። ረኃብ ሰውን ታጋሽ ያደርገው ይሆናል። ምግብ ላይ የሚያራቅቀው ግን ትንሽ ትርፍና የሚቀምስለት ሰው ነው።

በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ሲከፈት፣ በኋላ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ማለቴ ነው፣ ቀማሾቹ በዙ። ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ መምህራንና ተማሪዎች መጡ፤ የሰፈራችን ሰው ክፍል እያከራየ ጎረቤቱ ተቀየረ። ከሐረር የመጣች አንዲት ወጣት ሠራተኛ ጥሬ ሙዝ እንደ ድንች ተልጦ ወጥ ውስጥ እንደሚገባ አሳየችን። ሙዝ በሞላበት አገር ኖረን ሳይበስል ይበላል ብሎ ያሰበ ከእኛ መካከል አልነበረም። እናቴ እንዳለ አልተቀበለችውም፤ ሞከረችው፣ እርድና ዝንጅብል አበዛችበት፤ ድንች ከደጋ በሚጠፋበት ወቅት የጾም አልጫዋ ይኸው ሆነ። ካሳቫም እንዲሁ በእነዚያ ዓመታት ወደ ማድ ቤታችን ገባ፤ ተቆራርጦ ተዘፍዝፎና ደርቆ ይፈጭና ከሌላ እህል ጋር ለእንጀራ ይደባለቃል። ሳይዘፈዘፍ መርዝነት ያለው ዓይነት ስለነበረ እናቴ በዚህ አትቀልድም ነበር፤ ከማታውቃት ሴት የካሳቫ ዱቄት አትገዛም።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ስልኬ ላይ የማንኛውም አገር ምግብ አሠራር ይመጣልኛል፤ አየዋለሁ፣ አንዳንዱን እሠራዋለሁ። ነውር የለበትም፤ እናቴም ብትኖር ማየቷ አይቀርም ነበር። ልዩነቱ ስልኩ የሚያዘኝ በእጄ የሌለውን ነው። ሱቅ ሄጄ ለአንድ ራት ብቻ የሚሆን ቅመም ገዝቼ እመለሳለሁ፣ የተረፈው ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰነብታል። የሴቻው ማድ ቤት የሚያስበው በተቃራኒው ነበር፤ ዛሬ ከደጋ ምን ወረደ፣ ከሐይቁ ምን ወጣ፣ ጓሮው ምን አለው፣ ማን ይመጣል፤ ምግቡ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። የጠበበኝ ቀን ይህን ቅደም ተከተል ስመልሰው ይቀለኛል። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አወጣለሁ፣ ከዚያ ብቻ አስባለሁ። ሀለኮ ከአርባ ምንጭ በሚመጣ ሰው እጅ ደርቆ ይላክልኛል፤ እንደ እርጥቡ አይደለም፣ ሽሮ ውስጥ ግን ይታወቃል።

አርባ ምንጭ ስመለስ የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ከተማዋ አድጋለች፣ ሐይቁን የሚያዩ ሆቴሎች ተሠርተዋል፣ እንግዳው አዞውን አይቶ፣ ነጭ ሳር ፓርክን ጎብኝቶ ዓሣ ይበላል። የጫሞ ናይል ፐርች ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም፤ ብዙ ስለተጠመደ በእጅጉ ቀንሷል። እኔ የገባሁባቸው ቤቶች የምግብ ዝርዝር ከዓሣው ቀጥሎ ፓስታ፣ ከፓስታው ቀጥሎ ክለብ ሳንድዊች ነው። ኩርኩፋ ጠይቄ አስተናጋጁ «እሱ እኮ የቤት ምግብ ነው» አለኝ፤ ወጣት ነው፣ በአክብሮት ነበር የነገረኝ። የሚያውቁት ሴቶች ግን ዛሬም ከሆቴሎቹ በእግር በሚደረስበት ርቀት አሉ፤ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለአርባ ምንጭ ሆቴል ባለቤቶች ነው። ከእነዚህ ሴቶች አንዷን ቅጠሩ፤ ሙያዋን እንደ ሼፍ ሙያ ቆጥራችሁ ክፈሏት። ድስቱንም ከሸክላ ሠሪዎቹ በተገቢው ዋጋ ግዙ። ኩርኩፋ፣ በሀለኮ የተሠራ ሽሮ፣ የቆጮ ቂጣ ከዳጣና ከማር ጋር ከምግብ ዝርዝራችሁ ውስጥ ይግቡ፤ ዋጋቸውም ከዓሣ ጉላሹ አይነስ።